አራት ነጥብ ስምንት

ሦስተኛውን ፎቅ እንዳለፈች ቲቲ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጭኖቿ ውስጥ ያ የምታውቀው እሳት ተነስቷል። ወለል የምትወለውለው ሴት እንጨቷን ተደግፋ ሽቅብ ታያታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ማን አባረረሽ? አሁን ወርደሽ አልነበር እንዴ?»

«ዕቃ ረስቼ ነው።»

ምንም አልረሳችም። ከአምስተኛ ፎቅ ተነስታ እስከ ምድር ቤት ወርዳ፣ ሮጣ ወጥታ፣ እንደገና ወርዳ፣ ይኼ ሁለተኛ መውጣቷ ነው። እናቷ እላይ፣ ላቦራቶሪው በር አጠገብ፣ ቦርሳዋን አቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ሽንት ቤት የገባች ነው የመሰላት።

ነገሩን ያሰበችው ከትናንት ወዲያ ነበር። እግሮቿ እንዲህ መሆን ከጀመሩ ዓመት ሊሞላ ነው። ደረጃ ስትወጣ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ዙር ስትሮጥ፣ አንዳንዴ ቦርሳዋን አዝላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንኳ እግሮቿ የሰው እግር ይሆኑባታል። ደሟ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱ «ደህና» ብሎ ተመለሰ። ወረቀቱ ደህና ባለ ቁጥር ደግሞ ሰው ለእሷ የሚሰጣት ስም ይከፋል። የስፖርት መምህሩ «ስንፍናሽን በሽታ አታድርጊው» ይላታል። የክፍሏ ልጆች ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ከሚያወጣው ጽሑፍ ወስደው «ሎባት» ብለዋታል። አክስቷ እንኳ ለጎረቤት ስትናገር ሰምታታለች፤ «ዕቃ ማጠብ ሲመጣ ነው የሚያማት» ስትል።

ከትናንት ወዲያ ሐኪሟ ማዘዣውን እየጻፈች፣ «ይኼኛው ላክቴት ይባላል» አለቻቸው። «ሴሎችሽ ኃይል እንዴት እንደሚያመርቱ ትንሽ ፍንጭ ይሰጠናል። ቁርስ ሳትበይ ነው የምትመጪው። ከመቀዳትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለብሽ፤ መሮጥ የለም፣ ደረጃ የለም፣ በሊፍት ውጪ። ካላረፍሽ ቁጥሩ ይዋሸናል።»

ቲቲ ግን ሌላ ነገር ነው የታያት። እኔ ተቀምጬ መቼ ደክሞኝ ያውቃል? አለች በልቧ። የምደክመው ስንቀሳቀስ ነው፤ እነሱ ሁሌ የሚለኩኝ ተቀምጬ። የቤታቸው ጣሪያ እንኳ የሚያፈስበት ቦታ የታወቀው ዝናብ ሲዘንብ ነበር። ደሟ እሷ የምታውቀውን ነገር እንዲናገር ከተፈለገ፣ በደከማት ሰዓት መቀዳት አለበት።

ስለዚህ ሮጠች።

አምስተኛ ፎቅ ደርሳ ግንባሯን በእጅጌዋ ጠርጋ ስትቀመጥ እናቷ ሰዓቷን አየች። ስልክ ደጋግሞ ከጠራ ሰው የሞተ የሚመስላት ሴት ናት። «ምነው ቆየሽ? ሆድሽን አመመሽ እንዴ? ደም አየሽ?»

«ኧረ እማዬ! ሰው ሞልቶ ነው።»

ወዲያው ተጠሩ። ደም የሚቀዳው ሰውዬ ጸጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ነው። ከፊቱ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የተፈጨ በረዶ አለ።

«ጋሼ፣ አይስክሬምም ትሸጣላችሁ?» አለች ቲቲ፣ ፍርሃቷ እንዳይታወቅባት።

«ለደምሽ ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም» አለ እየሳቀ። «ደም ከወጣ በኋላም ስኳር መብላቱን አያቆምም። በረዶ ውስጥ ካላስተኛነው ማሽኑ ጋ እስኪደርስ ቁጥሩን ይጨምርብናል። በይ እጅሽን ዘርጊ። ቀኑን ሙሉ ሰውን ‹ጨብጥ፣ ጨብጪ› ስል ነው የምውለው፤ አንቺ ግን እንዳትጨብጪ። ላስቲክም አላስርልሽም። ጡንቻ ከተጨነቀ ላክቴቱ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት አርፈሻል አይደል?»

«አርፌያለሁ።»

ሰውዬው መነጽሩን አደረገና አያት። «ታዲያ ላቡ ከየት መጣ?»

ቲቲን ያዳነቻት እናቷ ናት። «ወዮ፣ መርፌ ስታይ እንዲህ ናት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አርፋለች፤ አጠገቤ ነበረች፤ ሽንት ቤት ብቻ ነው ደርሳ የመጣችው።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። መርፌው ገባ። ግራጫ ክዳን ያላት ብልቃጥ ሞላችና በረዶው ውስጥ ተቀበረች።

ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ከሁለት ነጥብ ሁለት ማለፍ የሌለበት ቁጥር አራት ነጥብ ስምንት ሆኖ፣ አጠገቡ ሽቅብ የምታመለክት ቀስት ቆማለች።

ቲቲ ቀስቷን ደጋግማ አየቻት። በሕይወቷ ከፈተና ወረቀት ላይ ያገኘችው ምልክት ሁሉ እንደዚህች ቀስት አላስደሰታትም። ፎቶ አነሳችና በክፍሉ «ሬዲዮ» ተብላ ለምትታወቀው የወንበር ጓደኛዋ ላከችላት። ለሬዲዮ መላክ ለሁሉም መላክ ነው። ቁርስ ሰዓት ላይ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።

«በናትሽ፣ እውነት ነው?» አለች ሬዲዮ ክንዷን ይዛ። «እና እስከዛሬ እያመመሽ ነበር? እኔኮ ራሴ ሎባት እልሽ ነበር። አፈር ልብላ!»

«ምንም አይደል።»

«እንዴት ምንም አይደል! ከዛሬ ጀምሮ ሎባት ያለሽን ስሙን ንገሪኝ፤ አፉን ነው የማስይዘው።»

የስፖርት መምህሩም ጠራት። ረጅም ሰው ነው፤ ከተማሪ ጋር ሲነጋገር ጎንበስ ማለት አይወድም። ያን ቀን ግን ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አላት። «ወረቀት ስላላየሁ ነው። ብዙ ልጅ ይዋሸኛል፤ አንቺንም ከእነሱ ደመርኩሽ።» ከአንገቱ ላይ የሩጫ መለኪያ ሰዓቱን አውልቆ መዳፏ ላይ አኖረው። «ከእንግዲህ አትሮጪም። ሰዓት ትይዥልኛለሽ።»

ቲቲ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሰውን ሩጫ ለካች። ወደ እሷ እየተጣደፉ መጥተው «ስንት ገባሁ? ስንት?» ይሏታል። እሷም ንግሥት ይመስል ቁጥር ታድላለች። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ያለ ቀን አልነበራትም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እናቷ ሱቅ ጎራ አለች። እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። በሰፈሩ እሷ የሰፋችው መጋረጃ እጥፋቱ አንድ ጣት አይዛነፍም ይባላል። ቲቲ ስትገባ ግን ማሽኑ ቆሟል። አረንጓዴው ጨርቅ ገበሩ ወደ ውጪ ተገልብጦ ተሰፍቶ፣ እናቷ ጭኗ ላይ ዘርግታው ስፌቱን በምላጭ እየተረተረች ነው። ስልኳ ክሮቹ መካከል ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ገልብጬ ሰፋሁት» አለች ቀና ሳትል። «ሃያ ዓመት ስሰፋ ገልብጬ አላውቅም።»

«ልርዳሽ?»

«አንቺማ ቁጭ በይ! እንዳትነኪ። ቦርሳውንም አንቺው ተሸክመሽው መጣሽ? ደውዪልኝ አላልኩሽም?» ምላጩን አስቀመጠችና ስልኩን አነሳች። «ነይ እስቲ። ይኼ ማይቶኮንድሪያ የሚሉት ምንድን ነው? አንቺ ተምረሽዋል አይደል?»

ቲቲ ተምራዋለች፤ ፈተና ላይም ወጥቶላት ነበር። «ሴል ውስጥ ያለ ነገር ነው። ትንንሽ ናቸው። የምንበላውን ስኳር ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር አድርገው ኃይል ይሠራሉ። እነሱ በደንብ ካልሠሩ፣ ወይ ኦክስጅኑ ካልደረሰላቸው፣ ስኳሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርና ላክቴት ይሆናል። ሰው ሲሮጥም…»

እዚያ ላይ አቆመች።

«ሲሮጥስ?»

«ሲሮጥም ይጨምራል።»

«አንቺ ግን አልሮጥሽም» አለች እናቷ። «አጠገቤ ነበርሽ። ምነው ሮጠሽ በነበር!» ስልኩን ወደ ቲቲ አዞረችው። ጣቷ አንድ መስመር ላይ አርፏል። «ይኼን አንብቢልኝ። ዓይኔ ነው ወይስ እንዲህ ነው የሚለው?»

ቲቲ አነበበች። የማይቶኮንድሪያ በሽታ አንዳንዱ በእናት በኩል ብቻ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ነው የሚለው።

«በእናት ብቻ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ እንደ ሌላው ጊዜ ወዮ አላለችም። ቲቲን ያስፈራትም ያ ነው። «እኔ ነኝ የሰጠሁሽ ማለት ነው። እኔንም እኮ በልጅነቴ እግሬን ያመኝ ነበር። እናቴ ስታሸኝ ትዝ ይለኛል። ሳላውቅ ተሸክሜው ኖሬ፣ ምንም ሳላስቀር ላንቺ አስረከብኩሽ።»

«እማዬ፣ ገና መቼ ታወቀ?»

«ታወቀ እንጂ። አራት ነጥብ ስምንት።» ምላጩን መልሳ አነሳች። ጥቂት ስፌት ተረተረችና ጨርቁን ቀደደችው።

የዚያን ቀን ቲቲ መናገር ነበረባት። አፏ ድረስ መጥቶም ነበር። ግን መዳፏ ላይ ያረፈው ሰዓት፣ ጎንበስ ያለው መምህር፣ የሬዲዮ «አፈር ልብላ» አንድ ላይ ታዩዋት። እውነቱን ከተናገረች ቁጥሩ ይወርዳል። ቁጥሩ ከወረደ ሎባት ናት፤ አሁን ደግሞ ውሸታም ሎባት። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገም ነገ አለች።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ጋ ቀረቡ። ሐኪሟ ወፍራም፣ ባለጎማ ወንበሯን በእግሯ እየገፋች ክፍሉን የምትዞር ሴት ናት። ወረቀቱን አይታ ቅንድቧን ቋጠረች።

«ከፍ ብሏል» አለች። «የሌሎቹ ምርመራዎች ውጤት ደህና ሆኖ ይኼ ብቻውን እንዲህ መሆኑ ያጠያይቃል። እውነተኛ ከሆነ ቀጣዩ እርምጃ ከጭኗ ጡንቻ ትንሽ ቆርጠን ማየት ነው። በጣም ትንሽ ናት፤ የባቄላ ፍሬ የምታክል።»

«ቀዶ ጥገና?» አለች እናቷ።

«ትንሽ ቀዶ ጥገና።»

«ዶክተር፣ ከእኔ ውሰዱ። ከእኔ ነው የመጣው፤ አንብቤዋለሁ። የእኔን ጭን ቆርጣችሁ ብታዩ የሷም አይታወቅም?»

«እንደሱ አይሆንም፣ እህቴ። ቆይ እስቲ፣ አንጣደፍ።» ሐኪሟ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቲቲ ፊት ቆመች። «አንድ በአንድ ልጠይቅሽ። ቁርስ በልተሽ ነበር?»

«አልበላሁም።»

«ክንድሽ በላስቲክ ታስሮ ነበር? እጅሽን ጨብጠሽ ነበር?»

«አይ። እንዳትጨብጪ ብለውኛል።»

«በረዶ ውስጥ ገብቷል?»

«አዎ።»

«ግማሽ ሰዓት አርፈሻል?»

ቲቲ የእናቷን እጆች አየች። ከቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ክር እየመዘዙ ነው። ሰፊ ሆና ክር የምትመዝ ሰው! ዝም ብትል፣ ዝምታዋ ስንት ቀን እንደሚቆይ አሰበች፤ እስከ ቀዶ ጥገናው፣ ከዚያም እስከ ውጤቱ። ያን ሁሉ ቀን እናቷ እንዲህ ክር እየመዘዘች ልትኖር ነው።

«አላረፍኩም» አለች። «ሮጬ ነበር።»

ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ። ሁለት ጊዜ። እማዬ ሽንት ቤት የገባሁ መስሏት ነው። ሰውዬው ሲጠይቁኝ አርፌያለሁ አልኳቸው።»

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። «እኔም መሰከርኩልሽ» አለች። «አጠገቤ ነበረች ብዬ መሰከርኩልሽ!»

«ለምን ሮጥሽ?» አለች ሐኪሟ። አልተቆጣችም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ትመስላለች።

«ሁሌ ተቀምጬ ስለምትለኩኝ ነዋ!» ቲቲ ሳታስበው ድምፅዋ ከፍ አለ። «ተቀምጬማ ደህና ነኝ። ስንቀሳቀስ ነው የሚያመኝ። ወረቀቱ ደህና ሲል ሰው ሁሉ እንደ ውሸታም ያየኛል። ደሜ እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነው።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ጥያቄሽ ልክ ነው» አለች። «መልሱን ግን ለብቻሽ ሠራሽውና ተበላሸ። ስሚኝ። አምስት ፎቅ ከሮጠ የማንም ሰው ላክቴት ይጨምራል። የጤነኛውም። እኔ በዚህ ሰውነቴ ብሮጥማ ማሽኑን ነበር የምሰብረው።» ቲቲ ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «ስለዚህ ሮጠሽ የመጣ ቁጥር ስላንቺ ምንም አይነግረኝም፤ ስለ ደረጃው ነው የሚነግረኝ። አርፈሽ፣ ምንም ሳትሠሪ፣ ያን ጊዜ ከፍ ካለ ግን አንድ ነገር ይነግረኛል። ልንቀሳቀስና ለኩኝ ካልሽኝ ለሱም ምርመራ አለ። ሳትንቀሳቀሺ ይቀዳል፣ እንቅስቃሴውን እየተለካና እየተጻፈ ትሠሪዋለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ይቀዳል። ብትነግሪኝ ኖሮ እናወራበት ነበር።»

«አሁን ቁጥሩ ከወረደ ምንም የለብኝም ማለት ነው?»

«ቁጥሩ ወረደ ማለት ነው። ድካምሽን ቁጥሩ አላመጣውም፤ ስለወረደም ይዞት አይሄድም። ሌላ ቦታ እንፈልጋለን ማለት ነው።» ማዘዣ መጻፍ ጀመረች። «ዛሬ ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም። ፈርቼ አልዋጥልኝ አለ።»

«ጎሽ። እንግዲያው አሁኑኑ እንድገመው። እዚሁ ጓዳ አልጋ አለ። ሰውዬውን በረዶውን ይዞ እንዲመጣ እልክበታለሁ። አንቺ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

አልጋው ጠባብ ነው፤ የተነጠፈበት ወረቀት በተነፈሰች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። እናቷ አጠገቧ ባለ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። 

«እማዬ።»

«አትናገሪ። እረፊ ተብለሻል።»

«ይቅርታ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ» አለች እናቷ ለግድግዳው። «ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም። መጋረጃውስ ቢሆን ተቀደደ፤ የሰው ጨርቅ።» ድንገት ዞረች። «ታለቅሻለሽ እንዴ? እንዳታለቅሺ! ለቅሶም ቁጥር ይጨምር እንደሆን ማን ያውቃል? ኋላ ደግሞ በሷ ለቅሶ ጭኗን ቆረጡት ይባላል።»

ቲቲ ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እናቷ በመሐረቧ ጠረገችላትና መሐረቡን እዚያው ግንባሯ ላይ ረስታው እጇን አነሳች።

«ያመኛል ስትዪኝ እኔም ‹ወረቀቱ ደህና ይላል› ብዬሻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለራሴ ነው ያልኩት። ደህና እንድትሆኚልኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ዝቅ ቢል እኔ እልል ነው የምለው። አንቺ ግን ምን ልትይ ነው? መምህሩንስ?»

ቲቲ ጣሪያውን አየች። ሰኞ ስፖርት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። ሬዲዮ ጮሃ ትጠይቃታለች፤ ክፍሉ ይስቃል። ምናልባት ከሎባት የባሰ ስም ያወጡላት ይሆናል።

«ሰዓቱን እመልስለታለሁ» አለች። «ሮጬ ነበር እለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከእነሱ ጋር እሮጣለሁ፤ እስከምችለው። ሲያቅተኝ እቆማለሁ። ደክሞኛል እለዋለሁ።»

«ወረቀትሽን አምጪ ቢልሽ?»

«ወረቀት የለኝም እለዋለሁ። ደክሞኛል ግን።»

እናቷ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ እየቆጠረች እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። ቲቲ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ቀስ ብላ እየተነፈሰች ጠበቀች።